«በሩን የከፈተው ፊልሙ ነው ትለኛለች»

ይህን ደብዳቤ የላከችልን በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምትኖር የ25 ዓመት ወጣት ናት። ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች ደብዳቤዋን ብቻ አሳጥረን እናቀርበዋለን።

«ይድረስ ለጋሼ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አስፈሪ ፊልም እወዳለሁ። ጓደኞቼ ስለ ፍቅር ድራማ ሲያወሩ እኔ ስለ መናፍስትና መንፈስ ሰፍሮባቸዋል ስለሚባሉ ቤቶች ያገኘሁትን ሁሉ አያለሁ፣ አነባለሁ። የምሠራው መርካቶ ስለሆነ ቤት የምገባው መሽቶ ነው፤ እናቴና የ9 ዓመት ወንድሜ ከተኙ በኋላ እዚያው ስቱዲዮ ክፍላችን ውስጥ አልጋዬ ላይ ሆኜ ኢርፎን ሰክቼ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አያለሁ። ባለፈው ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ከመንደራችን ማዶ ወዳለ ያላለቀ ሕንፃ በሌሊት ገብተን መንፈስ ፍለጋ በስልክ ስንቀርጽ ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠብኝ። ሌሊት እነቃና ሰውነቴ አልታዘዝ ይለኛል፤ በሩ ጋ ጥቁር ሰው ቆሞ አያለሁ፤ ደረቴንም አንዳች ነገር ይጫነኛል። አንዳንድ ሌሊት ግድግዳው ውስጥ ይንኳኳል። ብርድ ስለሆነ ቡና የተፈላበትን ከሰል ከነምድጃው አስገብተን ነው የምንተኛው፤ ጠዋት እኔንም እናቴንም ራሳችንን ያመናል። ወንድሜ ብቻውን ሽንት ቤት መሄድ ትቷል። እናቴ ‹በሩን የከፈተው ፊልሙ ነው፤ ሃርድ ዲስኩን ሰብረሽ ሽንቁሩ ሚካኤል ጠበል ግቢ› ትለኛለች። ማየቴን ላቁም? በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ናቸው የሚባሉት ፊልሞችስ እውነት ናቸው? እናቴንስ እንዴት ላስረዳት? ታናሽ እኅትዎ።»

እኅቴ፣ ስለ ፊልሙ ከመነጋገራችን በፊት ያንን ምድጃ ዛሬውኑ ከመኝታ ክፍላችሁ አውጪልኝ። ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ያስፈራኝ በሩ ጋ የቆመው ጥቁር ሰው ሳይሆን እንደ ዋዛ በአንድ መስመር ያለፍሽው ከሰል ነው። ከሰል ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ምንም ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያስከትላል፤ መጠኑ ሲጨምር አእምሮን ያደናግራል፤ በርና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ የተኛን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። በከተማችን ዳርቻ ያለው የነሐሴ ብርድ አጥንት ዘልቆ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ሦስታችሁም ተጠጋግታችሁ ተኙ እንጂ ከፍም ጋር አትደሩ።

ይህን የማነሣው እግረ መንገዴን አይደለም። የመናፍስትን ነገር ስለምትወጂ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ዊልያም ዊልመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ያሳተመውን ታሪክ ላካፍልሽ። አንድ ቤተሰብ አሮጌ ትልቅ ቤት ይገባል፤ ብዙም ሳይቆይ ሌሊት የእግር ኮቴ መስማት፣ በክፍላቸው ውስጥ የማያውቁትን ሰው ማየት፣ አንድ ነገር እንደሚከታተላቸው ማሰብ ይጀምራሉ፤ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ድካሙም አይለቃቸውም። በመጨረሻ ሲመረመር የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ ተበላሽቶ ጋዙን ወደ ክፍሎቹ ይለቅ እንደነበር ተገኘ፤ ምድጃው ሲጠገን እንግዶቹም ጠፉ። የእናንተም ቤት ነገር ይኸው ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። ሆኖም የሁለት ሰው ራስ በአንድ ጠዋት እየታመመ፣ ያውም ከሰል ማስገባት በጀመራችሁበት ወራት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምድጃው እንጂ ሃርድ ዲስኩ አይደለም። ምድጃው ከወጣ በኋላም ራስ ምታቱ ካልለቀቃችሁ ሦስታችሁም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ፤ ለሚያክማችሁ ሰው የከሰሉን ነገር ሳትደብቂ ንገሪው።

ሌሊት የሚይዝሽን ነገር እናትሽ ሳትነግርሽ አትቀርም፤ በእኛ አገር ዱካክ ይባላል። ሕልም በብዛት በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን የሰውነታችንን ጡንቻዎች ከሞላ ጎደል ያስራቸዋል፤ ባያስራቸው ኖሮ በሕልማችን በሮጥን ቁጥር ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ንቃቱ ይቀድምና ማሰሪያው ሳይፈታ ይቀራል፤ ያኔ ዓይን ተከፍቶ፣ ክፍሉ እየታየ፣ ሰውነት ግን አይታዘዝም፤ ያላለቀው ሕልም ደግሞ በነቃው ዓይን ፊት ይቀጥላል። በሩ ጋ የቆመ ሰውና ደረት ላይ የተቀመጠ ሸክም በመላው ዓለም ይህ የሚያጋጥማቸው ሰዎች የሚናገሩት ነው። ቀደም ሲል የተካሄዱ ጥናቶችን በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ላይ የመረመሩ ተመራማሪዎች ከ100 ሰዎች 8 ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚያጋጥማቸው፣ በተማሪዎች ዘንድ ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አግኝተዋል። ሄንሪ ፉስሊ የተባለው ሠዓሊ ተዘርራ በተኛች ሴት ደረት ላይ ጉብ ያለ ፍጡር የሳለው በ1781 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያኔ ሲኒማ ሊፈለሰፍ ገና ከ100 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። እንግዲህ ፊልም የሌላቸው ሰዎችም ሲያዩት የኖሩትን ነገር ፊልም አመጣው ለማለት ይቸግራል፤ አያቶቻችን ዱካክን ያወቁት ከቴሌቪዥን አይደለምና።

ፊልሙ ግን ጨርሶ ንጹሕ ነው አልልሽም። ዱካኩን ባያመጣውም መልኩን ሳያበድረው አልቀረም፤ ከመተኛትሽ በፊት በመጨረሻ ያየሽው ነገር ወደ ሕልምሽ ይዘሽው የምትገቢው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊልሙ እንቅልፍሽን በልቶታል። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተኝተሽ የመርካቶ ታክሲ ወረፋ ሳይረዝም ለመድረስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምትነሺ ከሆነ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የምትተኚው፤ ዱካክ በተደጋጋሚ የሚይዘው ደግሞ እንቅልፍ ያጣን፣ የመኝታ ሰዓቱ የተዛባበትንና በጀርባው የሚተኛን ሰው ነው። ስለዚህ በጎንሽ ተኚ፤ የመኝታ ሰዓትሽን ወደ አራት ሰዓት መልሺው፤ ፊልሙን ለቅዳሜ ከሰዓት አዛውሪው። ቢይዝሽም ከሰውነትሽ ጋር አትታገይ፤ ትግሉ ድንጋጤውን ያባብሰዋል እንጂ አያስለቅቅሽም። ትንፋሽሽን ረጋ አድርገሽ አንዲት የእግር ጣትሽን ለማንቀሳቀስ ሞክሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል።

ግድግዳው ውስጥ ስለሚንኳኳው አንድ ጥርጣሬ አለኝ፤ በዚያ አካባቢ የኖረ ሰው ሁሉ የሚጋራኝ ይመስለኛል። ውሃ ወደ ሰፈራችሁ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት ከሆነ፣ ለቀናት ባዶ በከረመ ቧንቧ ውስጥ ውሃው አየሩን እየገፋ ሲመጣ ቧንቧው ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳውን ይደበድባል፤ ክፍት የተረሳ ቧንቧ ካለም እንደሚያቃስት ሰው ያሰማል። የሚንኳኳበትን ሌሊት በማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፊና ጎረቤቶችሽ ጀሪካን ከሚሞሉበት ሌሊት ጋር አስተያዪው። መንፈሱ የውሃን ፈረቃ አክብሮ የሚመጣ ሆኖ ከተገኘ ባልዲሽን ይዘሽ ተቀበዪው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አስፈሪ ፊልም መውደድ ሕመም አይደለም፤ ሰውየው ክፉ ለመሆኑም ምልክት አይደለም። ብዙዎች የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም ነው የሚሉት የፈረንሳዊው የዦርዥ ሜሊየስ ሥራ የታየው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሲኒማ ገና ዳዴ ሲል ሰይጣንና የሌሊት ወፍ ወደ ሸራው ወጥተው ነበር ማለት ነው። የምናየው ነገር ሲያስደነግጠን ልባችን ይመታል፣ አድሬናሊን በደማችን ይሠራጫል፣ እጃችን ያልበዋል፤ ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን አእምሯችን ክፍላችን ውስጥ መሆናችንንና ማንም እንደማይነካን ያውቃል። ሩጫ የሌለበት የሩጫ ሙቀት ነውና ሲያበቃ እፎይታው ይጣፍጣል። በዴንማርክ ቬይሌ ከተማ አጠገብ በተዘጋጀ የማስፈራሪያ ቤት የገቡ 110 ሰዎችን የልብ ምት የለኩ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ሰዎቹ ይበልጥ የተደሰቱት እጅግ በፈሩ ጊዜ ወይም ጨርሶ ባልፈሩ ጊዜ ሳይሆን በመካከሉ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች በኮሮና ወረርሽኝ የመጀመሪያ ወራት ከሌሎች ያነሰ የመንፈስ ጭንቀት እንደታየባቸው አመልክቷል። ከዚህ ተነሥቼ ፊልሙን መድኃኒት ነው ልልሽ አልደፍርም፤ እናትሽ እንደምትፈራው መርዝ ነው የሚያሰኝ ነገር ግን አላየሁም።

ደስታው የሚቆየው ግን ማቆሚያው በእጅሽ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሲበዛብሽ ትዘጊዋለሽ፣ ድምፁን ትቀንሻለሽ፣ መብራት ታበሪያለሽ፤ ፍርሃቱ ጨዋታ የሚሆነው በዚህ ሥልጣንሽ ነው። ሌሊት ከዱካክ ጋር ስትገናኚ ሥልጣኑ የለሽም፤ ስለዚህ ያው የምትወጂው ዓይነት ፍርሃት አያስደስትሽም። ወንድምሽም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህ ሥልጣን አልነበረውም።

ስለ እርሱ በደብዳቤሽ የጻፍሽው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ እኔ ላስረዝመው። ኢርፎን የሚከለክለው ድምፁን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የተኛ ልጅ የስክሪኑ ብርሃን ጣሪያው ላይ ሲበራና ሲጨልም ያያል፤ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ በትከሻሽ ላይ አሻግሮ ፊት የሌለውን ሰው ያያል፤ አንቺ ስትደነግጪም ያያል። ደግሞም ድምፅ አልባ ምስል ለልጅ የባሰ ነው፤ ታሪኩን ስለማያውቅ መጨረሻውን ራሱ ይሠራለታል። ያየውን እንዳይናገር፣ አንድም አንቺን እንዳያስቆጣ አንድም ፈሪ እንዳይባል፣ አፉን ይዞ ይተኛል፤ የሚናገርለት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውን የሦስት እርምጃ መንገድ መፍራቱ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የጠየቁ ተመራማሪዎች ከ10ሩ 9 ያህሉ በልጅነታቸው ያዩት ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት ከተመለከቱት በኋላም አብሯቸው የቆየ ፍርሃት እንዳስከተለባቸው፣ ከ4ቱ የአንዱ ፍርሃት ደግሞ እስከተጠየቁበት ቀን እንዳልለቀቀው ሰምተዋል። አንቺ በፈቃድሽ የምትጠጪውን ቡና ለሕፃን በጡጦ አትሰጪም።

ስለዚህ እርሱ ባለበት ክፍል፣ ተኝቷል ብለሽም ቢሆን፣ ከዛሬ ጀምሮ አትክፈቺ። በዚህ ጉዳይ ከእናትሽ ጎን ነኝ፤ ድርድርም የለውም። ከዚያ ቀን አድርጊና፣ ሳትቆጪም ሳትስቂም፣ ያየውን እንዲነግርሽ ጠይቂው። «የሚያስፈራ ነገር የለም» አትበዪው፤ ለእርሱ አለና። ይልቁንም ያ ፊቱ የፈረሰ ሰው ጠዋት ቡናውን ጠጥቶ ሜካፕ ለመቀባት ለረጅም ሰዓት ወንበር ላይ የተቀመጠ ተዋናይ መሆኑን፣ ደም የሚመስለውም የተቀለመ ሽሮፕ መሆኑን አስረጂው። ፊልም እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፤ በጠራራ ፀሐይ አብራችሁ እዩ። ለጊዜው ሌሊት አብረሽው እስከ ሽንት ቤት ብትሄጂ፣ ትንሽ መብራትም ሳታጠፊ ብታድሪ ልጁን ማሞላቀቅ አይሆንብሽም።

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለውን ጽሑፍ በተመለከተ ከታወቁት አንዱን ብቻ እንመልከት። በ1973 እ.ኤ.አ. የታየው «ዘ ኤክሶርሲስት» የተሠራው ዊልያም ፒተር ብላቲ ከሁለት ዓመት በፊት ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ደራሲውን ያነሣሣው በ1949 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜሪላንድ ይኖር ስለነበረ አንድ ልጅ የተዘገበ ወሬ ሲሆን፣ የካቶሊክ ካህናት ለልጁ ክፉ መንፈስ የማስወጣት ጸሎት ማድረጋቸው እውነት ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ጥበብ ነው። ወንዱ ልጅ በመጽሐፉ ሴት ሆነ፤ በመኝታ ቤቱ ትዕይንት ከተዋንያኑ አፍ የሚወጣው የትንፋሽ ጉም የመጣው ክፍሉ በማቀዝቀዣ ከበረዶ ነጥብ በታች እንዲወርድ በመደረጉ ነው፤ የሰይጣኑ ድምፅም መርሴዲስ ማክካምብሪጅ የተባለች ጎበዝ ተዋናይት ድምፅ ነው። በቤት ውስጥ ካሜራ የተቀረጸ እውነተኛ ማስረጃ መስሎ ብዙዎችን ያስደነገጠው «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» ደግሞ ዳይሬክተሩ በገዛ ቤቱ፣ በ15,000 ዶላር ገደማ የሠራው ልብ ወለድ ነው። ጽሑፉ የማስታወቂያ አካል ነው፤ አንድ የእውነት ፍሬ ላይ የተሰካ ትልቅ ዛፍ ብለሽ ውሰጂው። እንደ እኔ ከሆነ የተንኮሉን አሠራር ያወቀ ተመልካች ይበልጥ ይደሰታል እንጂ አይጎድልበትም።

ወደ ያላለቀው ሕንፃ ግን አትመለሱ። እዚያ መንፈስ ስላለ አይደለም። የደረጃ መደገፊያ የሌለው፣ ለሊፍት የተተወው ጉድጓድ አፉን የከፈተ፣ ሚስማር የቀረበት ጣውላ በየወለሉ የተበተነበት ሕንፃ በቀንም ሰው ይሰብራል። ጅብ ከወንዙ ዳር ወደ መንደር የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው። ዘበኛው ደግሞ በጨለማ የስልክ መብራት ሲንቀሳቀስ ሲያይ የሚመጣለት መንፈስ ፈላጊ ሳይሆን የፌሮ ሌባ ነው፤ በእጁ ያለውን ነገር ሳይጠይቅ ሊጠቀምበት ይችላል። ጓደኞችሽ ቪዲዮው ብዙ ተመልካች አገኘ ብለው ቢጎተጉቱሽም አንቺ እምቢ በዪ።

በመጨረሻ እናትሽ። ክርክሩን በሳይንስ ለማሸነፍ አትሞክሪ፤ እርሷ የምትፈራው አንቺን እንዳታጣ ነው እንጂ ፊልሙን አይደለም። ደግሞም አስፈሪ ታሪክን ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የጭራቁንና የአያ ጅቦን ተረት ማን ነገረሽ? የኪዳነ ምሕረት ዕለት 78 ሰው የበላውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ስንት ጊዜ አብራችሁ ቆማችሁ ሰምታችኋል? በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከሚካኤል እግር በታች የተረገጠውን ሰይጣን ልጅ ሆነሽ አፍጥጠሽ ሳታዪው አልቀረሽም። እናትሽ ይህን ብትሰማ የምትመልሰውንም እገምታለሁ፦ በላዔ ሰብእ በመጨረሻ ለለምጻሙ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ተማረ፤ ያ ፍርሃት ወደ ንስሐ ይወስዳል፤ የአንቺ ፊልም ወዴት ይወስዳል? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከመልስሽ በፊት አስቢበት። እኔ «ወደ ጨዋታ» እላለሁ፤ ጨዋታም ለሰው ያስፈልገዋል። አንቺ ሌላ መልስ ሊኖርሽ ይችላል።

ጠበሉን በተመለከተ፣ የምታምኚበት ከሆነ ከእናትሽ ጋር ሂጂ፤ ሽንቁሩ ሚካኤል ደርሳችሁ ብትመለሱ እርሷም ትረጋጋለች፤ ለአንቺም ከእርሷ ጋር የመነጋገሪያ መንገድ ይሆንሻል። የማታምኚበት ከሆነ ግን ለማስመሰል አትሂጂ፤ «እማ፣ ከሰሉን አውጥቻለሁ፣ ልጁ ፊት አልከፍትም፣ በጊዜ እተኛለሁ፤ አንድ ወር ታገሺኝ» ብለሽ በተግባር አሳያት። የጥቁሩ ሰው ነገር በቀን ብርሃንም ከታየሽ፣ ይህን አድርጊ ብሎ የሚያዝዝ ድምፅ ከሰማሽ፣ ወይም ፍርሃቱ ሥራ ከመሄድ ካገደሽ ጊዜ ሳትሰጪ የአእምሮ ሐኪም አማክሪ፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልክሻል። አማኑኤል ሆስፒታል ታየሁ ማለት አብዷል ማለት የሚመስላቸው ሰዎች ዛሬም አሉ፤ አትስሚያቸው። ጠበል መግባትና ሐኪም ማየት እርስ በርስ አይከለካከሉም፤ መድኃኒት ከታዘዘልሽም ጠበል ገባሁ ብለሽ አታቋርጪው።

ሃርድ ዲስኩን አትስበሪው፤ በገንዘብሽ የገዛሽው ነው፣ በውስጡም የቤተሰብ ፎቶ ሳይኖርበት አይቀርም። ፊልሞቹን በአንድ ፎልደር ሰብስበሽ የይለፍ ቃል አድርጊባቸው፤ የይለፍ ቃሉ የወንድምሽ የልደት ቀን እንዳይሆን፤ መጀመሪያ የሚሞክረው እርሱን ነው።